በትእዛዝዎ ስለተሰናበተው የድምፅ ሾፌር

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ
የንብረት አስተዳደርና የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ
ሚዛን ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን በመልካም ጤንነት ላይ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ለጆሮዎ ጤና ደግሞ አብዝቼ እመኛለሁ። ሁለት ማመልከቻ አስገብቼ ለመጀመሪያው መልስ ስላላገኘሁ፣ ለሁለተኛው ያገኘሁት መልስም ሌላ ሰው ለጠየቀው ሌላ ጥያቄ የተሰጠ ስለሚመስል፣ ነገሩን ንቀት ነው ብዬ ከማሰብ ሕመም ነው ብዬ ማሰቡ ለአንድ ኃላፊ የሚገባ አክብሮት ሆኖ ታይቶኛል።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ እኔ ማናልሞሽ ዓባይነህ ነኝ። ከቢሮዎ ሦስት በር አልፎ ባለው የርቀት መስሚያ ክፍል ውስጥ ለስድስት ዓመት የቤንችኖን ቋንቋ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አማርኛውን ከአስተማሪው አባቴ፣ ቤንችኖኑን ከእናቴ ነው የተማርኩት። አሁን ከሥራ ታግጄ ቤቴ ተቀምጫለሁና ደብዳቤዬ ከወትሮው ቢረዝም ጊዜ ስላለኝ ነው። በውስጥ ማስታወሻ ብጽፍልዎ ይሻል ነበር። ነገር ግን የውስጥ ማስታወሻዎቼ እርስዎ ዘንድ ደርሰው የት እንደሚገቡ ማወቅ ስላልቻልኩ፣ ይህኛውን አላፊ አግዳሚው ቢያነበው ቢያንስ አንድ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው።

ይህን የሚያነብ እንግዳ ሰው ግራ እንዳይገባው ስለ ክፍላችን ጥቂት ልናገር። ከሩቅ ቀበሌ በክረምት ጭቃ ሚዛን ድረስ መምጣት የማይችል ባለጉዳይ በአቅራቢያው ወዳለ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። እዚህ ደግሞ የመሬት ጉዳይ አጣሪ ጉባኤው ሦስት አባላት ተቀምጠው ይሰሙታል። ድምፁ በኮምፒውተሩ በኩል ይመጣና ሳውንድ ካርድ ወደምንለው፣ ጡብ ወደሚያህል ቀይ ሣጥን ይገባል፤ ከሣጥኑ ወጥቶ እኔ ጆሮ ላይ ወዳለው ማዳመጫ ይሄዳል። እኔ በአማርኛ የምለው ብቻ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ባለጉዳዩ የሚሰማው በእኔ ጆሮ ነው ማለት ነው። ይህ ሸክም ከባድ መሆኑን ሁልጊዜም አውቀው ነበር፣ ዛሬ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ብረቱ። ዓምና ከክፍላችን አንድ ማውስ ከጠፋ ወዲህ ለመንግሥት ንብረት ያሳዩት መቆርቆር የሚመሰገን ነው። ሳውንድ ካርዱን በብረት ሣጥን አስገብተው፣ ለሽቦዎቹ ብቻ ቀዳዳ ትተው፣ በጓጉንቸር ቆለፉበት፤ ቁልፉንም ማንም እንዳይነካው በኮት ኪስዎ አኖሩት። ችግሩ ትንሽ ነበር። ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማዞሪያ ያለው እዚያው ሣጥኑ ላይ ነው። በኪቦርዱ ላይ ያሉትን የድምፅ ቁልፎች ስንነካ ኮምፒውተሩ የዚህን መሣሪያ ድምፅ እኔ አላዝዝም፣ መሣሪያው ላይ አስተካክሉ ይለናል። መሣሪያው ደግሞ ብረት ውስጥ ነው። በአማርኛችን የኪቦርዱም የጓጉንቸሩም መጠሪያ ቁልፍ መሆኑ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም እርስዎን ይጠብቃሉ።

፪ኛ፦ ስለ ሾፌሩ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፣ ምክንያቱም በስድስት ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤቱን እንደዚያ ያሳቀ ነገር አላስታውስም።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ሱሀይብ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ብረቱን አልሰበረም፣ ቁልፉንም አልጠየቀም። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ድራይቨር የሚባል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጫነ። ይህ ፕሮግራም ራሱን እንደ ድምፅ ማጉያ አድርጎ ያቀርባል። ኮምፒውተሩም አምኖ ድምፁን ይሰጠዋል፤ እርሱም በኪቦርዱ ባዘዝነው መጠን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ለሣጥኑ ያስረክባል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ለአራት ወር ያህል የሳለ ሰው ሲመጣ ቀነስ፣ የደከመ ሽማግሌ ሲመጣ ጨመር እያደረግሁ እንደ ሰው ሠራሁ።

ከዚያ ሱሀይብ በወርኃዊ ሪፖርቱ ላይ «የድምፅ ቨርቹዋል ድራይቨር ተጭኗል» ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱ ንጹሕ አማርኛ ይሁን ተባለና በሚገለበጥበት ጊዜ «ምናባዊ የድምፅ ሾፌር ተጭኗል» ሆነ። ወረቀቱም እየዞረ ዞሮ ስምሪት ክፍል፣ ማለትም እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

በጻፉት ደብዳቤ ላይ ያለውን ቃል በቃሉ መድገም ደስ ይለኛል፦ «በመዋቅር የማይታወቅ፣ የቅጥር ደብዳቤ የሌለው፣ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ያልተገለጸ ምናባዊ ሾፌር በማን ፈቃድ ሥራ እንደጀመረ፣ የት እንደተጫነና ማንን ጭኖ እንደሄደ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ።» ሱሀይብ ምስኪኑ የሚያሽከረክረው ድምፅ መሆኑን ገልጾ መለሰ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ድምፅ የተባለው ተሽከርካሪ የሰሌዳ ቁጥር እንዲቀርብ አዘዙ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ሁላችንም ስቀናል። እኔም ስቄአለሁ። አሁን ሳስበው መሳቄ ያሳፍረኛል፤ መሳቁን ትቼ ያኔውኑ መጮህ ነበረብኝ።

፫ኛ፦ ስለ ስንብቱ። ሱሀይብ ላፕቶፑን ይዞ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ አስረዳዎት። እኔም አብሬው ነበርኩ። ነገሩ ሲገባዎት አይቻለሁ፤ ግንባርዎ ሲፈታ፣ ፈገግ ሊሉም ሲቃጡ አይቻለሁ። ነገር ግን ደብዳቤው ለሰባት ክፍሎች በግልባጭ ወጥቶ ነበርና፣ የወጣ ደብዳቤ ቢሳብ የመሥሪያ ቤቱ ክብር ይነካል አሉን። ስለዚህ ፋይሉ እንዲዘጋ ብቻ ሾፌሩ ተሰናበተ። ሱሀይብ ፕሮግራሙን አጠፋ፤ በርክክብ ቅጹ ላይም «ተሰናባቹ ያስረከበው ንብረት» በሚለው ቦታ «የለም» ብሎ ሞላ፤ በተሰናባቹም ፈንታ ራሱ ፈረመ። ሰው ሳይኖር የተባረረበት የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት እኛ ሳንሆን አንቀርም።

በማግስቱ ድምፁ ልጓም አልነበረውም። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ጉሮሮውን ሲጠርግ እኔ ማዳመጫውን ወርውሬ ተነሣሁ፤ የጉባኤው ሰብሳቢም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አቤቱታው እንደደረሰዎት ግን ማንም እንደ እርስዎ አይፈጥንም። ራስዎ መጥተው፣ ጓጉንቸሩን ከፍተው፣ ማዞሪያውን ወደ ግራ እስኪያቅተው ድረስ አዙረው፣ መልሰው ቆለፉት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰብሳቢውም አመሰገኑዎት። በነጋታው ቁልፉን በኪስዎ እንደያዙ ለአሥር ቀን ሥልጠና ከከተማ ወጡ። የሥልጠናው ርዕስ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ መሆኑን የሰማሁት ከጸሐፊዎ ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልችልም። ከላይኞቹ ጋር የሚደረደር ነገር አይደለምና።

እርስዎ በሄዱ በአራተኛው ቀን ወይዘሮ በየነች ስክሪኑ ላይ ቀረቡ። የስድሳ ሰባት ዓመት ባልቴት ናቸው። ከሟች ባለቤታቸው ጋር የተከሉት አንድ የቡና ማሳ አላቸው፤ ከጥላው ሥር ኮረሪማ አለው። ሌላ የሚኖሩበት ነገር የላቸውም። የባለቤታቸው የወንድም ልጅ ይትባረክ ደግሞ ማሳውን አክስቴ በስጦታ ሰጥታኛለች ብሎ ከሷል። ጉባኤው ወይዘሮ በየነችን የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ማሳውን ሰጥተዋል ወይስ አልሰጡም?

ክቡርነትዎ ቤንችኖን ስለማይሰሙ አንድ ነገር ላስረዳ። በእናቴ ቋንቋ አላደረግሁም ለማለት እምቢታው የሚመጣው ከግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ማድረጉን ይንገርህ አለማድረጉን አታውቅም። ወይዘሮ በየነች ደግሞ እንደ እናቴ ናቸው፤ ሹም ፊት ሲናገሩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ንግግራቸው ማለቂያው ላይ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ክብር ነው። እንደዚያ ነው ያደጉት።

ይትባረክን ከልጅነቱ እንዳሳደጉት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ቡናውን እንዲለቅም እንደፈቀዱለት፣ ከለቀመውም ድርሻቸውን እንደሚያመጣላቸው ተናገሩ። እኔ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከቆርቆሮው ዝናብ ጋር እየተሻማሁ ለቀምኩት። ሦስት ጊዜ ይድገሙልኝ ብያለሁ። በሦስተኛው ሰብሳቢው፣ ወይዘሪት፣ ውጭ አሥራ አንድ ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ የሚችል አስተርጓሚ እናምጣ እንዴ አሉኝ። የድምፁን ቁልፍ ነካሁት። ኮምፒውተሩ እኔ አላዝዝም አለኝ። ያን ጊዜ ወይዘሮ በየነች ወደ ዋናው ቃል ደረሱ። ማሳውን የሚለውን ሰማሁ። ለእርሱ የሚለውን ሰማሁ። ግሱንም ሰማሁ። ጭራውን አልሰማሁም።

አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አራተኛ ጊዜ ማስደገም ፈርቼ፣ ስለ ልጁ ደግ ደጉን ሲያወሩ ስለነበር እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ፣ «ማሳውን ሰጥቼዋለሁ ነው የሚሉት» አልኩ። ተጻፈ። ቃላቸው ተነብቦላቸው እንዲያረጋግጡ ሊደረግ ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ ቀሩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ተነብቦላቸው አረጋግጠዋል የሚል ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ በቅጹ ላይ የታተመ ስለሆነ እንዳለ ወጣ።

ውሳኔው ለይትባረክ ሆነ።

ወይዘሮ በየነች ይህን ሰምተው ሚዛን ለመድረስ ስምንት ቀን ፈጀባቸው። ግማሹን በሞተር፣ ግማሹን በሚኒባስ መጥተው፣ ጫማቸው ቀይ ጭቃ እንደለበሰ ኮሪደራችን ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማንንም አልሰደቡም። በዝግታ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ «ልጄ፣ ያን ቀን ምን ብለሽ ነው የነገርሽልኝ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔኮ እስከ መጨረሻው ብዬዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም ምናልባት አፌን በነጠላዬ ስለሸፈንኩ ይሆን ጥፋቱ ብለው ጠየቁኝ። ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። አንጀቴን በሉት፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

በዚያው ዕለት የሠራሁትን ሁሉ ለጉባኤው ጻፍኩ። የታገድኩትም ለዚህ ነው፤ ይገባኛልም። አልሰማሁም ማለት እየቻልኩ አላልኩም፤ ይህ የእኔ ዕዳ ነው፣ ለእርስዎ አላካፍልም። ነገር ግን ይግባኙን የሚያየው ክፍል፣ አስተርጓሚዋ ላለመስማቷ ከራሷ ቃል በቀር ምን ማስረጃ አለ ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ለአንዲት ባልቴት አዝኜ የቀጠፍኩት ታሪክ ሊሆን ይችላልና።

፭ኛ፣ ወይም ስንተኛ እንደሆነ እንጃ፦ ስለ ማዞሪያው። ከሥልጠና በተመለሱ ማግስት ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ ብረቱን ከፍተው ማዞሪያውን ወደ መሃል መለሱት። ሱሀይብ አይቷል፤ ሆኖም የልጆች አባት ነውና ምስክር ሁን ብዬ አላስቸግረውም። ያን አሥር ቀን ማዞሪያው የት እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚያውቅ፣ ማኅተምም ያለው ሰው በዚህ ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ይህን እንዲጽፉልኝ የሚለምን ነበር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በሁለተኛው ደግሜ ስለምንዎ፣ በንብረት መዝገብ ቁጥሩ ከነተራው የተጠቀሰ፣ «የመሣሪያው ሁኔታ፦ ደህና» የሚል ቲተር ያረፈበት ግማሽ ገጽ ሰጡኝ። መሣሪያው ደህና መሆኑን እኔም አልጠራጠርም። ደህና ያልሆኑት ሴትዮዋ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ለሰባት ክፍሎች ግልባጭ ከተደረገ ደብዳቤ የሚቃረን አንድ መስመር ቢጽፉልኝ የእርስዎ ስም ይነሣ ይሆናል። ፍርሃትዎን አልንቀውም፤ እኔም ያን ቀን የፈራሁት ከዚያ ያነሰ ነገር ነበር፣ የአንድ ሰብሳቢ ግልምጫ። የእኔ ፍርሃት የሰው ማሳ አስወሰደ። የእርስዎ ግን እስካሁን ምንም አላስወሰደም፤ የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል።

የምለምንዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከእዚህ ቀን እስከ እዚህ ቀን ማዞሪያው በዝቅተኛው ላይ ነበር፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነበር። አሥር ቃል አካባቢ ቢሆን ነው። ሾፌሩን ያሰናበቱበት ደብዳቤ ሁለት ገጽ ከሩብ ነበርና፣ ለመጻፍ እንደማይሰንፉ አውቃለሁ።

ለንብረት ስላሳዩት ታማኝነት፣ ለሌለ ሰው እንኳ ሥነ ሥርዓቱ ተጠብቆ ስንብት እንዲደርሰው ስላደረጉ፣ ያን ያህል ርቀት ሲጓዙ አንዲትን ትንሽ ቁልፍ ሳይጥሉ ይዘው ስለተመለሱ፣ ምስጋናዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ከእንግዲህም የሚጠራዎትን ሁሉ እንዲሰሙ እየተመኘሁ፣

ጆሮዋን ያመነች፣ አፏንም የፈራች፣ ዛሬ ግን ሁለቱንም ለእርስዎ አገልግሎት ያዘጋጀች፣

ማናልሞሽ ዓባይነህ
የቤንችኖን አስተርጓሚ (በእግድ ላይ)

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ በየነች አሁን ያረፉት እኔ ቤት ነው። ትናንት አንድ የአማርኛ ቃል አስተምሪኝ ብለውኝ «አልሰጠሁም» የሚለውን አስተምሬያቸዋለሁ። የአማርኛው እምቢታ ከፊት ነው የሚጀምረው፤ መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ «አል» የምትለዋ ቀድማ ትደርሳለች ብለን ነው። በተወለዱበት አገር፣ በገዛ ቋንቋቸው እስከ መጨረሻው የተናገሩት ቃል ስላልተሰማላቸው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ለማሳቸው ሲሉ የሌላ ቋንቋ እምቢታ ሲለማመዱ ማየት ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮዎ ይመጣሉ። እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፦ ቃሉን ያስተማርኳቸው ጮክ ብለው እንዲሉት ብቻ ነው።